አባቴ የለመደው ወንዝ

ገና አንድ መስመር ሳልጽፍ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ደጅ ድረስ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ተፈጥሮዬ ነው፣ ቻሉኝ። ቁጭ ብሎ መጻፍ ለኔ ተራራ ከመውጣት ይከብዳል። ይህን ታሪክ ግን ለብዙ ሰው በቃሌ አውርቼዋለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያስቀውን ቦታ ይዞ ዋናውን ነገር ያልፈዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ስሜ ዘነበች ነው። ያኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር፤ ወላይታ ሶዶ፣ ገበያው አጠገብ፣ በሐጂ ከድር የጅምላ ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። የሐጂ ቤተሰቦች ከስልጤ መጥተው ሶዶ ከከተሙ ቆይተዋል። እሳቸው ወላይትኛን ከኔ እኩል ይናገራሉ፤ ሲቆጡ ብቻ ወደ ስልጥኛ ይገባሉ። በኔ የተነሳ ስልጥኛቸው እንዳልተረሳ እርግጠኛ ነኝ። ደንበኛ ስኳር ሲጠይቅ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ሳልሰማ መጋዘን እደርሳለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ስኳሩ አይሸሽም" ይሉኝ ነበር። በየጠዋቱ ሱቁ ሳይከፈት የዳሞታን ተራራ እስከ አጋማሹ ሮጬ እመለሳለሁ። ካልሮጥኩ ቀኑን ሙሉ እግሬን ይበላኛል። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፣ ብቻ ያለሁበት ቦታ ሁሉ ቶሎ መልቀቅ ያለብኝ ቦታ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ማጃ ግን የኔ ተቃራኒ ነው። ከቤሌ ከተማ ቁልቁል፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ተወልዶ እዚያው የሸመገለ ሰው ነው። ሥራው አሻጋሪነት ነበር። ድልድዩ ከኛ ሰፈር ሩቅ ስለሆነ ወደ ዳውሮ ገበያ የሚሄደው፣ ማዶ ዘመድ የሞተበት፣ ሙሽራ የሚያይ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አባቴ ሰውየውን ትልልቅ ቅል ደረቱ ላይ ያስርለታል፤ በገመድ ከራሱ ወገብ ጋር ያያይዘውና ከፊት ከፊት እየዋኘ ማዶ ያደርሰዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን በእሱ እጅ አንድም ሰው ውሃ አልበላውም። በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር፤ ማጃ ይሆናል ካለ ይሆናል፣ አይሆንም ካለ አይሆንም ይባል ነበር።

ከዚያ ወንዙ ከታች ተገደበና ውሃው ወደ ኋላ እየሞላ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ኦሞ በኛ በኩል ሐይቅ ሆኖ ተኛ። መሻገሪያው፣ የወንዝ ዳር እርሻው፣ ዛፉ ሁሉ ከሥር ገባ። የኛ ሰፈር ሰውም ወደ ላይ ወጥቶ ሰፈረ። ማዶ መሄድ የሚፈልግ ሰው አሁን በሞተር ጀልባ ይሄዳል። አባቴ ከአዲሱ ቤት ደጃፍ ሆኖ ቁልቁል ውሃውን ያያል እንጂ ገብቶበት አያውቅም። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ብቻውን ነበር የሚኖረው።

ወረዳው ሐይቁን ለማስተዋወቅ የዋናና የተራራ ሩጫ ውድድር ያዘጋጀው በዚያ ሰሞን ነው። ዘመኑን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ነገር በአደረጃጀት ነበር። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት፣ የቢሮ ሠራተኛው አንድ ለአምስት። ውድድሩም በተናጠል አይሆንም ተባለ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወዳደሩ፤ አንዱ ከከተማ፣ አንዱ ከሐይቁ ዳር ቀበሌ ይሁን። የሐይቁ ዳር ሰው ዋና ይችላል፣ የከተማው ሰው ሩጫ ይችላል፣ የሚችል የማይችለውን ይጎትታል ብለው ነው። ሁለቱ በአንድ ገመድ ተያይዘው ውሃውን ያቋርጣሉ፤ ማዶ ቀይ ባንዲራ ከተተከለበት ቦታ ይወጣሉ፤ ከዚያ በእግር መንገዱ ዳገቱን ሮጠው አናቱ ላይ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ አብረው ይገባሉ። አንዱ ብቻውን ቢገባ አይቆጠርለትም። ዋና የማይችል ባዶ ጀሪካን ይዞ መንሳፈፍ ይፈቀድለታል።

እኔ ሶዶ ላይ ማስታወቂያውን ሳነብ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ተተክሎ ቀረ። ከሐዋሳ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ መጥታ አንደኛ የወጣችውን ሴት ለሙከራ ይዛ ትሄዳለች ይላል። በኔ ዕድሜ ማንም ክለብ ዞር ብሎ አያይም፤ ይህ የመጨረሻዬ ነው አልኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከቦምቤ ሽማግሌዎች ለአንድ መምህር ሊጠይቁኝ አባቴ ዘንድ መጥተው ነበር። መምህሩን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ክፉ አይወጣውም፤ ግቢው ውስጥ ቡና አለው፣ እንሰት አለው፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጧል። ያ ሁለተኛው ወንበር እንቅልፍ ነሳኝ።

ቤሌ ሄድኩና አባቴን ፊት ለፊት ለመንኩት። ከአባቴ ጋር የምናወራው በወላይትኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

"አባ፣ የኔ ዋናተኛ አንተ ሁን።"

አባቴ ሲያስብ ጆሮውን ያሻል። አሸት አሸት አደረገና "አንደኛ ብንወጣስ?" አለኝ።

"ሐዋሳ እሄዳለሁ።"

"ባንወጣስ?"

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። "አንተ ያልከው ይሁን" አልኩት፤ ስቸኩል አፌን አላውቀውም።

"እንግዲያው የቦምቤን ሰዎች በውድድሩ ዕለት ኑና መልሳችሁን ውሰዱ እላቸዋለሁ" አለ። "አንደኛ ከወጣሽ ይቀራል። ካልወጣሽ እሺ እላለሁ።"

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወረድን። አባቴ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ብዙ ቆየ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ነካካውና "ይሞቃል" አለ። ኦሞ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን ደረቴ ላይ አሰረልኝና ዳር ዳሩን ይዞ እየጎተተ አለማመደኝ። እኔ ውሃ ውስጥም የምሮጥ ነው የሚመስለኝ። "እግርሽን አታራግፊ" ይለኛል። "እንደ እንቁራሪት። ሰብሰብ፣ ዘርጋ።" አባቴ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ነው፤ እጁ ሲቀዝፍ ድምፅ የለውም። ያን ሳይ ልቤ ሞላ። ከቀበሌው ጎረምሳ ማን እንዲህ ይዋኛል ብዬ የሐዋሳን ጎዳና ጫፍ እስከ ጫፍ በልቤ ሮጥኩት።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ውሃው እንደ ሳህን ጸጥ ብሎ ሳለ መነሳት ነበረብን፤ ግን ንግግር ነበረ። አንድ የወረዳ ኃላፊ በድምፅ ማጉያ ስለ ልማት፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ልማት ሠራዊት ግንባታ ተናገሩ። ሌላው ተነሳና የመጀመሪያውን ንግግር አጠናክሮ ተናገረ። እኔ በቁሜ እየሮጥኩ ነበር። ነፋሱ ተነሳ፣ ውሃው መሸብሸብ ጀመረ፣ አሁንም ንግግር። ከኛ ሌላ የተሰለፉት ጥንዶች ወጣቶች ነበሩ፤ አባቴን እያዩ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። መዝጋቢው ልጅ ራሱ ግራ ገብቶት "አባት፣ እርስዎ ነዎት የሚዋኙት?" አለው።

አባቴ በአማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ወደኔ እየጠቆመ "እኔ ይዋኛል፣ እሱ ይሮጣል" አለ። ልጁ ሳቁን በእጁ ሸፍኖ መዘገበን።

የሐዋሳዋ አሰልጣኝ አጠር ያለች፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መጥታ ፊቴን ሳይሆን እግሬን አየችው። "ዳገት ላይ እንዴት ነሽ?" አለችኝ።

"ዳሞታን በየቀኑ እወጣለሁ።"

"እናያለን። እኔ በመኪና ዞሬ አናቱ ላይ እጠብቃለሁ። ግን መንገድ አለብኝ፣ ብዙ አልቆይም።" ይህን ብላ ሄደች። የቦምቤ ሽማግሌዎችም በዚያው ሰዓት ኮታቸውን እንደለበሱ በመኪና ወደ ላይ ወጡ። አለቃቸው አቶ ሳና ሲያልፉ "ጦሳ ይርዳችሁ" አሉን። እግዜር እንዲረዳን ከልባቸው መሆኑን ግን አላውቅም።

ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ጀሪካኑ ላይ አሰርኩ። አባቴ የገመዱን አንዱን ጫፍ በወገቡ፣ ሌላውን በወገቤ አድርጎ ቋጠረው። ፊሽካ ተነፋ።

ከፊት ለፊታችን፣ ማዶ፣ ቀዩ ባንዲራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥንዶቹ ሁሉ ወደ እሱ አቅንተው ውሃውን እያንቦራጨቁ ተነሱ። አባቴ ግን ሲነሳ ፊቱን ወደ ግራ አደረገ። መጀመሪያ ከሰው ግርግር ሊያወጣኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ይቀዝፋል፣ እኔ እንደ እንቁራሪት እሰበስባለሁ፣ እዘረጋለሁ። ቆይቼ ቀና ስል ባንዲራው ከፊቴ የለም። በቀኝ በኩል ሄዷል።

"አባ፣ ባንዲራው በዚህ ነው!"

"ጀሪካኑን ያዢ።"

"ሌሎቹ እኮ በዚያ እየሄዱ ነው።"

"አያለሁ።"

ነፋሱ ውሃ ፊቴ ላይ ይረጫል። ትንሽ ሄደን ስመለከት ባንዲራው ይበልጥ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ እኛ ይበልጥ ወደ ግራ። የሞተር ጀልባው መጣና ነጂው "አባት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ" ብሎ ጮኸ። አባቴ እጁን አውጥቶ ሰላምታ የሰጠው ይመስል አወዛወዘለትና በያዘው ቀጠለ። ጀልባው ውሃ የዋጠች አንዲት ሴት ወደምትጮህበት ዞሮ ሄደ። ከሰው ተለየን። ውሃው ጥቁር ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። እግሬን አንዳንዴ የደረቀ ቅርንጫፍ ይነካኛል፤ በነካኝ ቁጥር አዞ ነው ብዬ ትንፋሼ ይቆማል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ የመሰለኝ። አባቴ፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ አገር ሰው ያሻገረ ሰው፣ ባንዲራ ጠፍቶት አይደለም። ሆን ብሎ ነው። አንደኛ እንዳልወጣ ነው። ለቦምቤ ሰዎች እሺ ብሎ ጨርሷል፣ እዚህ የመጣው ለወጉ ነው።

"ሆን ብለህ ነው" አልኩት። "ቦምቤ ልትሰጠኝ ነው እንዲህ የምታደርገው።"

እጁ አንድ ጊዜ ቆመ። አልዞረም። "ይወስደናል" አለ።

"ማነው የሚወስደን?"

"ዝም ብለሽ ያዢ ልጄ። አሁን ይወስደናል።"

ገመዱን ፈትቼ መመለስ አማረኝ፣ ግን ወዴት እመለሳለሁ፤ ዋና አልችልም። ጥርሴን ነክሼ ጀሪካኔን አቀፍኩ። አባቴ እየቀዘፈ፣ አሁን አሁን ቀና እያለ ወደ ባንዲራው ያያል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ እንደገና ይቀዝፋል። ምን እንደሚጠብቅ ግራ ገባኝ። ከዚያ ሐይቁ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባንዲራው ከእጅ ጥፍር አይበልጥም። አባቴ መዳፉን ውሃው ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ፣ እንደዚያ አድርጎ ቆየ።

"አልወሰደንም" አለኝ።

ድምፁን አላውቀውም። ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ መንገድ የጠፋበት ሕፃን ዓይን ነበር። አባቴን ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆነም።

"ኦሞ ቀጥ ብለሽ ከገባሽ ቁልቁል ይጥልሻል" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ስለዚህ ወደ ላይ ወደ ላይ ነው የምትቀዝፊው። ውሃው ራሱ እየገፋ አምጥቶ መውጫው ላይ ያደርስሻል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እጄ ነው የሄደው፣ እኔ አላሰብኩም። እጄ ነው።"

ዙሪያዬን አየሁ። ነፋሱ ከላይ ያሸበሽበዋል እንጂ ውሃው የትም አይሄድም። የሚገፋም የሚወስድም የለም። አባቴ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው በለመደው ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የለም።

ባንዲራው ርቋልና በአቅራቢያችን ወዳለው ዳርቻ ዞርን። አባቴ አሁን ፈጠነ፤ ያለ ልማዱ ውሃውን ይደበድበዋል። ብዙም ሳንሄድ አንድ ጊዜ ቃተተና ጠፋ። ባቱን ጨምድዶት ኖሯል። ገመዱ ወገቤን ቁልቁል ሳበኝ፤ ጀሪካኑ ባይኖር አብረን እንወርድ ነበር። የሆንኩትን በሥርዓት ልነግራችሁ አልችልም። ገመዱን በሁለት እጄ እየሳብኩ እየሳብኩ፣ ራሱ ብቅ ሲል ሸሚዙን ይዤ፣ ጀሪካኑን ከደረቴ ፈትቼ በብብቱ ሥር አስገባሁለት። እኔ እጀታውን በአንድ እጄ ይዤ እግሬን እንዳልሆነ አድርጌ እመታለሁ። አባቴ ውሃ እየተፋ፣ እያሳለ "እንደ እንቁራሪት አልኩሽ" አለኝ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን እያለቀስኩ ሰበሰብኩ፣ ዘረጋሁ።

አናቱ ከውሃ የወጣ የደረቀ ዛፍ አግኝተን ተንጠልጥለን አረፍን። አባቴ ግንዱን እየዳበሰ ዙሪያውን አየ። እዚህ አገር የማያውቀው ግቢ፣ የማያውቀው ዛፍ አልነበረም። "የማን ዛፍ እንደሆነ አላውቀውም" አለ። ከዚያ እየተጎተትን ከድንጋያማው ዳርቻ ወጣን።

የወጣንበት ቦታ መንገድ የለውም። ቀጥ ያለ ዳገት፣ እሾህና ልቅ ድንጋይ። ከላይ፣ በጣም ከርቀት፣ የድምፅ ማጉያውና ጭብጨባ ይሰማል። አንደኛዎቹ ገብተዋል ማለት ነው። ጫማዬን አጠለቅሁ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባቱን ያሻል።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ።

"ብቻዬን አይቆጠርም።"

"ለውድድሩ አይደለም። ሴትየዋ እንድታይሽ። እንዴት እንደምትሮጪ ትይ።"

እግሬ ተነስቶ ነበር። ውሸት አልነግራችሁም፣ መላ አካሌ ወደዚያ ዳገት እየዘለለ ነበር። ግን አባቴን እርጥብ ልብሱን ለብሶ እየተንቀጠቀጠ እዚያ ድንጋይ ላይ ጥዬው እንዴት ልሂድ? ገመዱን ከወገቡ ሊፈታ ሲል እጁን ያዝኩት። "አትፍታው። እኔ እጎትትሃለሁ።"

"በሬ ነኝ?"

"ዛሬ በሬ ነህ። ተነስ።"

እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወጣን። በሕይወቴ ዳገት በዚያ ፍጥነት ወጥቼ አላውቅም፤ ማለቴ በዚያ ዝግታ። ገመዱ ሲወጠር እቆማለሁ፣ ሲላላ እራመዳለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ቆዳዬን ያሳክከኛል። ትንሽ እንደወጣን ከኋላዬ ተናገረ።

"ሆን ብለህ ነው አልሽኝ።"

"አባ፣ እኔ" ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

"ሆን ብዬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለ። "ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሰው መንገዱን ያውቃል። እኔ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ሲሄድ እያየሁ፣ እነሱ አያውቁም እያልኩ ነበር።"

ከእሾሁ ወጥተን ሜዳው ሲታየን ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። ከሜዳው ጫፍ አንዲት ነጭ መኪና ተነስታ ወደ ቤሌ መንገድ ገባች። የፊት መስኮቷ ክፍት ነው፤ አሰልጣኟ ስልክ እያናገረች ታየችኝ። አእምሮዬ ሳያዘኝ እግሬ ተስፈነጠረ። እየጮህኩ ሮጥኩ፤ በቃ በዚያች ቅጽበት ዓለም ላይ ያለችው ያቺ መኪና ብቻ ናት። ገመዱን ረስቼው ነበር። ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ መለሰኝና ወደቅሁ። ዞር ስል አባቴ ሜዳው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ ጎትቼ ጥዬዋለሁ። መኪናዋ አቧራዋን ትታ ታጠፈች።

ሮጬ ተመልሼ አነሳሁት። መዝጋቢው ልጅ መጥቶ የመጨረሻ መሆናችንን እየነገረን ውሃ ሰጠን። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡልን፤ ጭብጨባው እንደ ለቅሶ ቤት ነበር የተሰማኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደኛ መጡ። አቶ ሳና የአባቴን ትከሻ ይዘው "ጦሳ አተረፋችሁ፣ ማጃ። ውሃ በላቸው ብለን ነበር" አሉ። ከልባቸው ነበር። ትንሽ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እንዳልከው መጥተናል። አንደኛ ካልወጣች እሺ ነው መልሴ ብለህ ነበር።"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ እሺ በለን።"

አባቴ ልብሱ ይንጠባጠባል። ገመዱ ገና ወገቡ ላይ ነው። ጆሮውን ሊያሽ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

"ደጄ ላይ ባለ ውሃ ልጄን ይዤ ጠፋሁ" አለ። "ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ አይታችሁኛል። ያውም አውቃለሁ እያልኩ። አሁን ደግሞ የዕድሜ ልኳን መንገድ እኔ ልምራት? አልችልም። እሷን ጠይቋት።"

አቶ ሳና የአባቴን ትከሻ ለቀቁ። "ማጃ" አሉ፣ "ቃልህን እያጠፍክ ነው።"

"አዎ። እያጠፍኩ ነው።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። አባቴ በዚያች አንዲት ቀን በሰው ሁሉ ፊት አሻጋሪነቱን አጣ፤ የቀረው ነገር ቃሉ ብቻ ነበር፣ እሱንም አውጥቶ ለኔ ሰጠው። ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞሩ። እንደዚያ ያለ ዓይን ሁሉ በአንድ ላይ መልስ ጠብቆብኝ አያውቅም። የምወደውን ረጅም ንግግር ሁሉ ረሳሁት። "ሐዋሳ" አልኩ። አንድ ቃል ናት የወጣችኝ። አቶ ሳና ራሳቸውን ነቀነቁና ኮታቸውን አስተካክለው ሄዱ። ለብዙ ዓመት አባቴን ሰላም ሲሉት እጃቸውን ብቻ ነበር የሚሰጡት።

ከዚያስ ትሉኝ ይሆናል። ሐጂ ከድርን ተሰናብቼ በራሴ መንገድ ሐዋሳ ሄድኩ። አሰልጣኟን ፈልጌ አገኘኋት። "የጠፋችው ልጅ" ብላ አወቀችኝ፤ ሞከረችኝ፣ ተቀበለችኝ። ዝነኛ አልሆንኩም። ስሜን የትም ብትፈልጉት አታገኙትም። ጥቂት ዓመት ሮጥኩ፣ ጉልበቴ አስቸገረኝ፣ ወደ ሶዶ ተመለስኩ፤ አሁን ልጃገረዶችን ዳሞታ ላይ አሮጣለሁ። የቦምቤው መምህር ሌላ አግብቶ ደህና ይኖራል። አሁን ሳየው እውነትም ደህና ሰው ነው፤ ግን ያ ወንበር የሌላ ሰው ወንበር ነበር።

የዚያን ዕለት ነገር ምን እንደለወጠብኝ ቀድሞ ብትጠይቁኝ አባቴን ነው ብዬ ነበር የምመልሰው። አሁን ግን ራሴንም እጨምራለሁ። ሐዋሳ ከገባሁ በኋላም እረፍት አላገኘሁም። ማንም ሳይዘኝ እንደተያዘ ሰው እታገል ነበር፤ ለሰው ሁሉ፣ ምንም ሳይለኝ፣ በቁጣ እመልስ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አሰልጣኟ "ዘነበች፣ ማነው የሚያባርርሽ?" ስትለኝ የአባቴ መዳፍ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ታየኝ። እኔም ወደ ላይ ወደ ላይ ስቀዝፍ ኖሬአለሁ። የሚገፋኝ ነገር ካቆመ ቆይቷል፣ እጄ ግን አላወቀም። እናንተስ? የምትወዷቸው ሰዎች ልክ ነው ብለው ሲያሳስቷችሁ ክፋት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። እናንተም ራሳችሁ ስትገፉ፣ አንዳንዴ ቆም ብላችሁ መዳፋችሁን ዘርጉና እዩት። እኔ ለመቆም ያን ያህል ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ደህና አድርጌ አልቻልኩበትም።

ወደ ሐዋሳ የሄድኩ ዕለት አባቴ ቤሌ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። የተቀቀለ ቦይና፣ የኛን አገር ጎደሬ፣ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞልኝ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል ተጠግቶ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ ተናገረኝ።

"ከእንግዲህ የሚወስድሽ ውሃ የለም" አለኝ። "የምትደርሽበትን አይተሽ፣ ቀጥ ብለሽ ቅዘፊ።"

እንዳላለቅስ ቀለድኩበት። "አባ፣ ሐዋሳ እኮ በመኪና ነው የምሄደው።"

"አውቃለሁ" አለ። "ስለ ሐዋሳ የማውቀው የለም። የማውቀው ውሃ ብቻ ነው፣ እሱንም ካሳትኩሽ በኋላ ነው ያወቅሁት።"